ክትባትና የሰፊው ሕዝብ ጤና፦ ከደምቢያ ሜዳ የሚነሣ ጥያቄ

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ፣ መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ከጎንደር ደጋ አፈር እየጠረጉ የሚያወርዱበት፣ ጤፉና ሽምብራው የታወቀ ለም ምድር ነው። ይኸው ለምነቱን የሰጠው ውሃ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር በየረግረጉና በየከብቱ ኮቴ ፈለግ እየተኛ የወባ ትንኝ መራቢያ ሲሆን ኖሯል። ከሰባ ዓመት በፊት፣ በ1945 ዓ.ም. ገደማ፣ በሜዳው ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የደምቢያን ገበሬ ከነቤተሰቡ አጨደው፤ የሟቾቹ ቁጥር 7,000 ያህል እንደነበረ ይነገራል። የሜዳው ዋና ከተማ የቆላ ድባ ስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ይህን የምናወሳው የቆየ ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ ክትባት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ ነገሩ የሚጀመረው ከቤተ ሙከራው ጠርሙስ ነው፤ እኛ ግን ከሜዳው መጀመርን መርጠናል። አንድ ክትባት ስለ ምን ተሠራ፣ ስለ ምንስ ዘገየ፣ ከተሠራ በኋላስ ማንን አዳነ የሚሉት ጥያቄዎች ትክክለኛ መልሳቸውን የሚያገኙት በሽታው በሚኖርበት ምድር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ ነውና።

ለደምቢያ እልቂት በጊዜው የተሰጠው መልስ ክትባት አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር። የተሰጠው መልስ ትምህርት ቤት ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመንግሥት ሌላ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ፖይንት ፎር እየተባለ ይጠራ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ተሳትፈውበታል። ኮሌጁ ያወጣቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች በሆስፒታል በር ላይ ቆመው ሕመምተኛ የሚጠባበቁ ሳይሆኑ በቡድን ተደራጅተው ወደ ገበሬው መንደር የሚወጡ ነበሩ። ቆላ ድባም ጤና ጣቢያ ተሠርቶላት ለነዚሁ ሠልጣኞች የተግባር መማሪያ ሆነች። ለጋሾቹ የነበራቸውን የፖለቲካ ዓላማ የታሪክ ሰዎች ይመዝኑት። እኛ የምንይዘው ቁም ነገር፣ በሽታን ለመከላከል አስቀድሞ የሚገነባው ሰውና ድርጅት መሆኑ ያኔውኑ በዚሁ ሜዳ ላይ መታየቱን ነው።

ይህ ድርጅት ገና ሥር ሳይሰድ ወባ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመልሳ መጣች። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ እስከ ተከታዩ ዓመት የመኸር ወራት በዘለቀው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በተለይ የተመታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ነበር። የጣና ሐይቅ ወለል ራሱ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ያስታወሰ አንባቢ፣ የሐይቁ ዳርቻ በዚያ የሞት ቀበቶ ውስጥ መውደቁን ይረዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጤን አለበት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቃቸው ቆላማ አገሮች ሕፃኑ ተደጋጋሚ በሽታ አልፎ ሲያድግ በከፊል ይጠነክራል። ወባ በየጥቂት ዓመቱ እንደ ጎርፍ በምትመጣበት በእኛ ወይና ደጋ ግን ሕፃኑም ጎልማሳው አራሽም ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። በመሆኑም ሁሉም እኩል ይወድቃል።

ወደ ክትባቱ እንለፍ። ቃሉ ራሱ የሚያስተምር ነው። በግእዝ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ አባቶቻችን ከደዌ ይጠብቀናል እያሉ በአንገታቸው ያሠሩት የነበረው ክታብም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ልዩነቱ፣ ክታቡ በብራና ላይ ተጽፎ ከቆዳ ውጭ ሲንጠለጠል፣ ክትባቱ ከቆዳ በታች የሚጻፍ መሆኑ ላይ ነው። የሰው አካል አንድን ተህዋስ አንድ ጊዜ ታግሎ ካሸነፈው የሚያስታውስበት ችሎታ አለው። ክትባት ማለት የተገደለ ወይም የተዳከመ ተህዋስ፣ አለዚያም ከአካሉ የተነጠለ ቁራጭ በማሳየት፣ ገበሬው እርሻውን ሳይፈታ፣ እናት ልጇን ሳትቀብር ያ ትምህርት እንዲገኝ ማድረግ ነው። የአገራችን ሰዎች ይህን ምሥጢር ከሳይንሱ በፊት በከፊል ደርሰውበት ነበር፤ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በመብጣት ያስገቡ ነበር። ዘዴው ብዙዎችን ያዳነውን ያህል አልፎ አልፎ ራሱ ይገድል፣ በሽታውንም ወደ ሌላ መንደር ያሻግር ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የሰውን መግል በላም ፈንጣጣ የተካው ይህን አደጋ ለማስወገድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያስታውሱ ብዙዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተገኙ። ይህም በዚያን ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ነበር። ከተራራ ተራራ በእግርና በበቅሎ የተዘዋወሩት ከታቢዎች በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ የመጨረሻውን ሕመምተኛ አገኙ። በነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ አንድ ዘውድ ወድቋል፣ ረሃብ አልፏል፣ ጦርነትም ነበረ፤ ዘመቻው ግን አልተቋረጠም። በግንቦት 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ዓመት አገራችን ሕፃናትን ከስድስት በሽታዎች የሚከላከለውን ሰፊ የክትባት ፕሮግራም ጀመረች። እነዚህም ኩፍኝ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ፖሊዮ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ትክትክና ዘጊ አናዳ ናቸው።

ታዲያ ወባስ? የወባ ተህዋስ በሰው ደም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880 ታይቷል፤ በትንኝ እንደሚተላለፍ በ1897 ተረጋግጧል። ፈንጣጣ በጠፋበት ጊዜ ተህዋሱ ከታወቀ አንድ መቶ ዓመት ሞልቶት ነበር። ክትባቱ ግን አልነበረም። ለዚህ ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ አንዱን ብቻ የሚይዝ ግን ይስታል።

የመጀመሪያው መልስ የተፈጥሮ ነው። የፈንጣጣ ተህዋስ ብዙም የማይለዋወጥ፣ ከሰው በቀር ማደሪያ የሌለው ቫይረስ ነው። ወባ ግን ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለችም፤ ከ5,000 በላይ ዘረ መሎች ያሏት፣ በትንኟና በሰው አካል ውስጥ ደጋግማ ቅርጿን የምትለውጥ ጥገኛ ፍጡር ናት። ትንኟ ስትነድፍ የምታስገባቸው ጥቂት ተህዋስያን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጉበት ይደርሳሉ፤ ከሳምንት በላይ በስውር ከተባዙ በኋላ በብዙ ሺህ ሆነው ወደ ደም ይወጣሉ። ሰውየው ብርድ ብርድ ብሎት ሲንቀጠቀጥ ጦርነቱ የመጀመሪያ ምዕራፉን ጨርሷል ማለት ነው። አካሉም ቢሆን አንድ ጊዜ በመታመም ብቻ አይማርም። ተፈጥሮ ራሷ በአንድ ጊዜ ያላስተማረችውን ትምህርት የሰው እጅ እንዲያስተምር መጠየቅ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሳይንቲስቶቹ በዚህ ጠባብ በር ለመግባት የወሰዱትን ጊዜ መቁጠር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሩት ኑሰንዝዋይግ የተባሉ ተመራማሪ በኒውዮርክ፣ በጨረር የተዳከሙ የወባ ተህዋስያንን ለአይጦች ሲሰጡ አይጦቹ ከበሽታው መዳናቸውን አሳዩ። የሚቻል መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን በዚህ መንገድ አንድን ሰው ለመከተብ ጨረር የወሰዱ ከሺህ የሚበልጡ ትንኞች እንዲነድፉት ማድረግ ያስፈልግ ነበርና፣ ለአንድ መንደር እንኳ የሚሆን ዘዴ አልነበረም። በ1984 የተህዋሱን ውጫዊ ልባስ የሚሠራው ዘረ መል ተለይቶ ታወቀ። ከ1987 ጀምሮ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ በቤልጂግ ባለው ቤተ ሙከራው፣ ዋልተር ሪድ ከተባለው የአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የዚያን ልባስ ቁራጭ ከጉበት በሽታ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር አጣብቆ በእርሾ ውስጥ አበቀለው። አር.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ክትባት የተወለደው በዚህ ነው። በ1997 በወጣው ውጤት፣ ተከትበው በፈቃዳቸው በወባ ትንኝ ከተነደፉት ሰባት ሰዎች ስድስቱ ሳይታመሙ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ በማናቸውም ክትባት ላይ የሚደርስ ነው፤ በአጭሩ እንግለጸው። በመጀመሪያው ደረጃ ክትባቱ ጉዳት ማምጣት አለማምጣቱ በጥቂት አሥር ሰዎች ላይ ይመረመራል። በሁለተኛው በመቶ በሚቆጠሩት መጠኑና ኃይሉ ይፈተናል። በሦስተኛው ደረጃ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ክትባቱን ያገኘውና ያላገኘው ወገን ለዓመታት ይነጻጸራል። ማን የትኛውን እንዳገኘ ከታቢውም ተከታቢውም እንዳያውቀው የሚደረገው፣ ተስፋና ጥርጣሬ ሚዛኑን እንዳያጋድሉት ነው። ለወባ ክትባት ይህ ሦስተኛ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 በሰባት የአፍሪካ አገሮች፣ በ15,459 ሕፃናት ላይ ተከናውኗል። አገራችን ከነዚህ ውስጥ አልነበረችም። የቡርኪና ፋሶ፣ የጋቦን፣ የጋና፣ የኬንያ፣ የማላዊ፣ የሞዛምቢክና የታንዛኒያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው የተመላለሱበትን ውጤት ነው እኛም የምንጠቀምበት፤ ይህ ውለታ መዘንጋት የለበትም።

በ2019 በማላዊ፣ በጋናና በኬንያ የሙከራ ሥርጭት ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን ለሕፃናት የመከረው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2016፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በሕንድ ሴረም ኢንስቲትዩት የሚመረተው አር 21 የተባለው ሁለተኛ ክትባት ተከተለ። ከመጀመሪያው ሥራ እስከ መጀመሪያው ምክር 34 ዓመት አለፈ።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ደረስን፤ እሱም የኅብረተሰብ ነው። ኮሮና በተነሣ ጊዜ የቫይረሱ የዘር ቅንብር እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሀብታሞቹ አገሮች ሕዝብ መከተብ ጀመረ። አንዱ 34 ዓመት፣ ሌላው 11 ወር! ኮሮና ከወባ ይልቅ ለክትባት የሚመች ተህዋስ መሆኑን አንክድም፤ ሁሉንም መዘግየት በካፒታል ሴራ ብቻ የሚያስረዳ ጸሐፊ ሳይንሱን አልተማረም። ነገር ግን በወባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብና የሰው ኃይል ያፈሰሰው የማን ተቋም ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የጦር ሠራዊት ነበር። ወታደሩ ወደ ሞቃት አገር ሲሄድ እንዳይወድቅ የታሰበ ምርምር ነበር። በወባ የሚሞተው በአብዛኛው የአፍሪካ ገበሬ ልጅ ስለሆነና የዚያ ልጅ አባት ደግሞ በገበያ ላይ ገዢ ሊባል ስለማይችል፣ ትርፍ ለሚያስላ ኩባንያ የሚያጓጓ ዕቃ አልነበረም። ክትባቱ በመጨረሻ የሥርጭት ደረጃ የደረሰው ከገበያው ሕግ ውጭ በሆነ ገንዘብ፣ ማለትም በሕዝባዊ ተቋማትና በበጎ አድራጎት መዋጮ ነው። ሳይንስ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው፤ ሳይንስ የትኛውን ጥያቄ አስቀድሞ እንዲመልስ የሚያዘው ግን ቦርሳውን የያዘው እጅ ነው። የደምቢያ ገበሬ በ1945 ያቀረበው ጥያቄ ተራ ሲጠብቅ የኖረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አንዳንድ ወገኖች የክትባቱን አኃዝ እያዩ ያናንቁታል። በዚያ ታላቅ ሙከራ አራቱን መርፌ ያገኙት ከአምስት ወር በላይ የሆናቸው ሕፃናት፣ በአራት ዓመት ውስጥ የወባ ሕመማቸው የቀነሰው በ36 ከመቶ ነው። “ከመቶ ሠላሳ ስድስት ምን ክትባት ይባላል?” ይላሉ። አኃዙን በቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያነብ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በነዚያ አካባቢዎች አንድ ሕፃን በዓመት ደጋግሞ ይታመማል። ስለዚህም በሙከራው ውስጥ በተከተቡት በእያንዳንዱ 1,000 ሕፃናት 1,774 የወባ ሕመም ቀርቷል። በሦስቱ የሙከራ አገሮችም ክትባቱ በተሰጠበት ቦታ ለክትባቱ ዕድሜያቸው በደረሰ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው ሞት በ13 ከመቶ ቀንሷል፤ ይህም ከማናቸውም በሽታ የሚመጣውን ሞት ሁሉ አጠቃሎ ነው። ሺህ ሰባት መቶ ሌሊት ልጇን አቅፋ ያደረችው እናት ብትጠየቅ አኃዙን ከእኛ ይልቅ ታነበው ነበር።

የሆነ ሆኖ ይህን ክትባት ወደ ጣና ዳርቻ ስናመጣው ሊሰወሩብን የማይገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ያ የ1947ቱ ኮሌጅ አድጎ የደረሰበት ተቋም፣ ተመራማሪዎች የቆላ ድባን ጤና ጣቢያ የአሥር ዓመት መዝገብ አገላብጠው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 በጣቢያው 59,208 የደም ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ታይተው፣ 23,473ቱ ወይም 39.6 ከመቶ የሚሆኑት ወባ ተገኝቶባቸዋል። ከነዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ዓይነት ሲሆን ቀሪው ሩብ ቫይቫክስ የተባለው ነው። አሁን ያሉት ሁለቱም ክትባቶች የሚከላከሉት ፋልሲፓረምን ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር ቀደም ሲል ያልነው ነው። በዚያው መዝገብ ይበልጥ ተጎድቶ የተገኘው ከ15 እስከ 44 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ማለትም ማሳውን የሚያርሰው ወገን ነው። ክትባቱ የተነደፈው ደግሞ ለሕፃን ነው። ሕፃን ላይ ብቻ ለምትበረታ ወባ የተሠራ ጋሻ፣ አራሹንና ልጁን እኩል በምትጥል ወባ ፊት ሲቆም ከፊሉ ክፍት ነው።

ስለዚህ ክትባቱ መጣ ተብሎ አጎበር ወደ ጎን ሊጣል፣ የቤት ርጭት ሊዘነጋ፣ የቆመ ውሃ ማፋሰስ ሊቀር፣ ማይክሮስኮፕ አቧራ ሊለብስ አይገባም። ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በአገራችን ለዓመታት እየቀነሰ የመጣው ወባ እንደገና አገርሽቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ከዚህ በፊት በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ዲ.ዲ.ቲ. ሲረጭ ወባ ልትጠፋ ነው ተብሎ እንደነበር አዛውንቱ አይረሱትም። አንድን መሣሪያ ማምለክ በዚያን ጊዜ ያስከፈለንን ዋጋ አሁን በሌላ መሣሪያ ልንደግመው አይገባም።

ይሁንና ክትባቱ ይምጣ፤ ይስፋፋ። ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራማቸው ውስጥ ያስገቡ የአፍሪካ አገሮች ከሃያ በላይ ሲሆኑ አገራችንም ከነሱ አንዷ ናት። እንግዲህ ጉዳዩ ከሳይንቲስቱ እጅ ወጥቶ በእኛ እጅ ወድቋል። የፈንጣጣ ክትባት ደርቆ የሚጓጓዝ፣ ሙቀት የሚችል፣ በአንድ ጊዜ የሚበቃ ነበር፤ ጠባሳውም በክንድ ላይ ስለሚታይ ማን እንደተከተበ መዝገብ ሳይገለጥ ይታወቅ ነበር። የወባ ክትባት ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ ነው። ከፋብሪካ እስከ ጤና ኬላ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። አራት ጊዜ ይሰጣል፤ አራተኛው የሚመጣው እናቲቱ የልጅነት ክትባት አለቀ ብላ ካርዱን ካስቀመጠች በኋላ ነው። ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ፈንጣጣን ካጠፋው ትጋት የበለጠ ሥርዓት ይጠይቃል።

ሥርዓታችን የት ነው ያለው? ከሰላሳ ስድስት ዓመት ክትባት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት ከመቶ 39 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ አኃዝ በየስብሰባው ከሚነበበው ሪፖርት ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ከመጋዘን የወጣውን ጠርሙስ ነውና፤ በልጅ ክንድ የገባውን ለመቁጠር ቤት ለቤት መሄድ ያስፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ተግባር የተሻለ መሣሪያ ሰጥቶናል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመንደሯን ልጅ በስሙ ታውቃለች፤ እርግዝናውንም ልደቱንም ከማንም በፊት ትሰማለች። ነገር ግን ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ጠጋኝ፣ ክትባቱ ሲያልቅ መጓጓዣ ካላገኘች፣ እውቀቷ ብቻውን መርፌ አይሆንም። ጸጥታ በደፈረሰበትና መንገድ በተዘጋበት ቦታም በረዶው የሚቀልጠው የየትኛውም ወገን ልጅ መሆኑን ሳይጠይቅ ነው።

ወራቱም መታሰብ አለበት። በጣና ዙሪያ ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰብል ደርሶ አጨዳ በሚጀመርበት ጊዜ ነው። እናት ማሳ ላይ ናት፤ ጎረምሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርዷል፤ ሲመለስም ተህዋሱን በደሙ ይዞ ይመጣል። መርሐ ግብሩ ይህን የገበሬውን ዓመት ተከትሎ መዘጋጀት አለበት እንጂ ገበሬው የቢሮውን ዓመት እንዲከተል መጠበቅ የለበትም። ክትባቱን ከወባው ወራት አስቀድሞ፣ በክረምቱ ማለቂያ ለመስጠት መንገዱ ጭቃ ነው ይባላል። ጭቃ ነው። የፈንጣጣ ከታቢዎችም በዚያው ጭቃ ሄደዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ የቆየ ቅራኔ አለብን። በ1880 ዓ.ም. የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ማምጣቱን ሁሉም ያውቃል። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ክትባቱ በኬንያ ሙጉጋ በዋልተር ፕላውራይት የተገኘ፣ በአፍሪካ ምድር የተሠራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም በማምረቱ በኩል ድርሻውን ተወጥቷል፤ ዛሬም ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር የከብት ክትባት ያመርታል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም በዚያችው ከተማ ነው። ለበሬያችን የሚሆነውን ክትባት ከስድሳ ዓመት በላይ በራሳችን እጅ ስናመርት፣ ለልጆቻችን የሚሰጠውን መደበኛ ክትባት ከውጭ እናስገባለን።

ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጠቀስነው አልፈን ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ 2.2 ሚሊዮን ያህል የኮሮና ክትባት ከሕንድ ሴረም ኢንስቲትዩት ተሠርቶ አዲስ አበባ በገባ በሳምንታት ውስጥ፣ ሕንድ የራሷ ሕዝብ ሲያልቅባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ሕንድን ማንም ሊወቅሳት አይችልም፤ ልጇን ሳታጎርስ ለጎረቤት የምታካፍል እናት የለችም። የአፍሪካ ከታቢ ግን ባዶ ሣጥኑን ታቅፎ ቀረ። አር 21 የተባለው የወባ ክትባት የሚመረተው በዚያው ተቋም መሆኑን ቀደም ሲል ገልጸናል።

የምርምሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝብ በደሙ ውስጥ ቫይቫክስ የሚገባበት በር ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ እምብዛም አይገኝም። በአገራችን ግን ሁለቱ ወባዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ለወራት ተኝታ ቆይታ ትንኝ በሌለበት ወቅት እንደገና ትነሣለች። ከመቶ ሕመምተኞቹ ሃያ አምስቱ በዚህችኛዋ ለሚወድቁባት ቆላ ድባ የሚሆን ክትባት ገና አልወጣም፤ ሌሎቹ አፍሪካውያን ወንድሞቻችንም ጉዳያቸው ስላልሆነ አይጠይቁልንም። በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ክትባት ይገኝ እንደሆነ ለመመርመር የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዛሬ በመንግሥት ሥር ሆኖ ቫይቫክስን ያጠናል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በጣና ዳርቻ ሜዳ ላይ ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ሥራ ከአገሪቱ ካዝና ምን ያህል ይመደባል የሚለውን ጥያቄ፣ በጀት በሚጸድቅበት ሰኔ ደግመን እናነሣዋለን።